የላብራቶሪው አርባ ቁጥር

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የላብራቶሪው ኔትወርክ የለም ሲባል፣ ቤዛዊት መጀመሪያ የጠረጠረችው ያንን ልጅ ነው። ታዲያ ማንን ትጠርጥር? ትናንት እሁድ ሆስፒታሉ ገብቶ አሮጌዎቹን ስዊቾች ነቅሎ አዳዲሶቹን የተከለው እሱ ነው። ቅዳሜ ደህና የነበረ ነገር ሰኞ ከሞተ እሁድ የነካውን ሰው መያዝ ነው፤ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

ልጁ ሙንዲር ይባላል። አዲሶቹን ስዊቾች የሸጠው ድርጅት የላከው ባለሙያ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አባቱ አዲሱ ገበያ ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ከሆስፒታሉ በር እስከ ሱቃቸው በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። ልጁ ዝምተኛ ነው። እሁድ ሙሉ ቀን ሲሠራ ውሎ ከአፉ የወጣው ቃል ቢቆጠር ሃያ አይሞላም። ቤዛዊት ደግሞ ዝምተኛ ሰው አይዋጥላትም፤ ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅማ።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። በሆስፒታሉ ግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ አንድ ይሁን እንጂ፣ በላዩ ላይ ላብራቶሪው ለብቻው፣ ፋርማሲው ለብቻው፣ ካርድ ክፍሉም ለብቻው መንገድ አለው። አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው በየራሳቸው በር እንደሚገቡ ተከራዮች፣ አንዱ የሌላውን አያይም። ባለሙያዎቹ ይህን «ቪላን» ይሉታል፤ ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጡታል። ካርድ ክፍል አሥር፣ ፋርማሲ ሃያ፣ ክፍያ ሠላሳ፣ ላብራቶሪ አርባ። ስዊች የሚሉት ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ የሚያስተላልፈው የብረት ሳጥን ነው፤ ያልነገሩትን ቁጥር አያሳልፍም። አዲሶቹ ስዊቾች አሥርን ያውቃሉ፣ ሃያንም፣ ሠላሳንም። አርባን ግን ማንም የነገራቸው አይመስልም።

በዚህ የተነሳ የደም ውጤት ኮምፒውተር ላይ መውጣቱ ቀርቶ በወረቀት፣ በነርሶች እግር፣ ደረጃ ለደረጃ መሄድ ጀመረ። ማዋለጃ ክፍል ያለች አንዲት እናት የደም ውጤቷ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገየባት። እግዜር ይመስገን፣ በሰላም ተገላገለች፤ ባሏ ግን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ገብቶ ጠረጴዛ ደበደበ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ስብሐት ደግሞ ጠረጴዛቸው ሲደበደብ አይወዱም።

ሙንዲር ተጠርቶ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ላብራቶሪ ገባ፣ የማሽኖቹን የኔትወርክ አድራሻ፣ በነጥብ የተለያዩትን ቁጥሮች፣ አንድ በአንድ ከስክሪናቸው ላይ አነበበ፣ ወደ ሰርቨር ክፍል ወረደ፣ አዲሱ ስዊች ላይ አርባን ጻፈ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ተመለሰ። እንዲህ የሠራ ሰው ወትሮ ይመሰገናል። በሙንዲር ላይ ግን ጉድ ያፈላችው ያቺው ሩብ ሰዓት ናት።

«በሩብ ሰዓት እንዴት አገኘው?» አሉ ጋሽ ዓምሃ፣ አቶ ስብሐት ፊት ቆመው። «እኔ ይህን ኔትወርክ የዘረጋሁት ሰውዬ እንኳ ከየት እንደምጀምር አላውቅም ነበር። ራሱ ስለቆረጠው ነው የት እንደተቆረጠ ያወቀው።»

ጋሽ ዓምሃ የአይቲ ኃላፊ ናቸው። ሆስፒታሉ ገና አንድ ፎቅ ሳለ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል፤ ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሐኪም የማያከብራቸው የለም። ቤዛዊትን ከሦስት ዓመት በፊት ከካርድ ክፍል አውጥተው ረዳታቸው ያደረጓት እሳቸው ናቸው። ሥራውን ያስተማሯት፣ ምሳ ሳትቋጥር ስትመጣ ሳህናቸውን ወደ እሷ የሚገፉት፣ አባቷ ሲሞቱ ሦስት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ከድንኳን ያልወጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ጋሽ ዓምሃ ወደ አንድ ሰው ሲጠቁሙ ቤዛዊት ዓይኗን ወደዚያ ማዞሯ አይፈረድባትም።

ክሳቸውም ለጆሮ የሚጥም ነበር። አራቱም ቁጥሮች ያሉበትን ፋይል ከአሮጌው ዋና ስዊች ላይ ቀድተው ሐሙስ ዕለት በፍላሽ ለሙንዲር መስጠታቸውን ተናገሩ፤ እሱ አርባን ቆርጦ ጣለው አሉ። ለምን ቢባል፣ እነዚህ ድርጅቶች መጀመሪያ ያበላሻሉ፣ ከዚያ አዳኝ ሆነው ይመጣሉ፣ ከዚያ የዓመት የጥገና ውል አስፈርመው ይሄዳሉ። ሰው ያለነሱ መኖር እንዳይችል ያደርጉታል። ጋሽ ዓምሃ ይህን ሲያስረዱ ያየ፣ ነገሩን እንዴት እንዲህ ጥርት አድርገው አወቁት ብሎ ይገረማል።

አቶ ስብሐት ወዲያው አመኑ ማለት አይቻልም። ግን ለድርጅቱ ስልክ ደወሉ፤ የሙንዲርንም ላፕቶፕ ከነቦርሳው ጥበቃው ሌሊሳ በር ላይ እንዲይዘው አዘዙ። ቤዛዊትን ጠርተው ከሳሹ ራሱ ሊመረምር ስለማይችል እሷ አጣርታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጥፋቱን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፋ እንድታመጣ ነገሯት። ያ ወረቀት ከደብዳቤ ጋር ለድርጅቱ ይላካል። የድርጅቱ ባለቤት ደግሞ ሙንዲርን በስልክ፣ ስምህ ያለበት ደብዳቤ ከመጣ ቢሮ እንዳትመለስ ብሎታል። በዚህ ሙያ አላዋቂ መባል ይቻላል፤ ተምረህ ትድናለህ። ሆን ብሎ ሆስፒታል አበላሸ የተባለ ሰው ግን ማን በሩን ይከፍትለታል? የልጁ እንጀራ ቤዛዊት እጅ ላይ ወደቀ፤ እሷ ደግሞ እንደዚያ አላየችውም። እሷ ያየችው ጥፋተኛ የተያዘበት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሄዳ ያነጋገረችው እሱኑ ነው። ጥበቃ ቤቱ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ቦርሳው ከመስኮቱ ባሻገር ሌሊሳ ወንበር ሥር ይታየዋል። የማሽኖቹ አድራሻ ውስጥ ሦስተኛው ቁጥር አርባ መሆኑን አይቶ እንደገመተ አስረዳት። የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የመንገዱን ቁጥር አድራሻው ውስጥ ይከቱታል። ቤዛዊት ይህን ታውቃለች፣ አሳማኝ ነው። አሳማኝ መሆኑ ራሱ ግን አናደዳት፤ የተዘጋጀበት መሰላት። እሁድ ከመሄዱ በፊት ላብራቶሪውን ለምን እንዳላየ ጠየቀችው። በስልክ ጠይቆ ማሽኖቹ በርተዋል ብለውት እንደነበር፣ ወጥቶ በዓይኑ ማየት እንደነበረበት፣ ይህም ጥፋቱ መሆኑን ሳይከራከር ተቀበለ።

«ፋይሉ ውስጥ አርባ አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «የሌለ ነገር እንዴት ይቆረጣል?»

ፍላሹን ስትጠይቀው ዕለቱን ለጋሽ ዓምሃ መመለሱን ነገራት። ጋሽ ዓምሃን ስትጠይቅ ልጃቸው ለትምህርት ቤት ወስዳ የራሷን ነገር ጭናበታለች፣ የቀድሞው ጠፍቷል አሏት። እንግዲህ የአንዱ ቃል በሌላው ቃል ላይ ነው፤ አንዱ አሥራ አራት ዓመት የሚታወቅ፣ አንዱ ትናንት የመጣ።

ቤዛዊት ግን ሞኝ አይደለችም። ነገሩን የሚቆርጥ ምስክር አለ ብላ አሰበች፤ አሮጌው ዋና ስዊች። ተነቅሎ ሰርቨር ክፍሉ ጥግ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። እሱን ኤሌክትሪክ ሰጥታ ብታስነሳውና ውስጡ አርባ ቢኖር ሙንዲር አለቀለት፤ አርባ ከነበረበት ስዊች የተቀዳ ፋይል አርባ ሊጎድለው አይችልም። ሶኬት ላይ ሰካችው። ሳጥኑ ማራገቢያውን እያንጫረረ ተነሳ። ላፕቶፗን አገናኝታ ዝርዝሩን አወጣች። አሥር አለ። ሃያ አለ። ሠላሳ አለ።

አርባ የለም።

ጋሽ ዓምሃ ይህን ሲሰሙ አልደነገጡም። እንዲያውም ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። አላልኩሽም፣ ሳይነቅለው በፊት ከዚህም ላይ አጥፍቶታል፤ ማስረጃውን አብሮ ቀበረ አሏት። ወይ ጉድ፣ አለች በሆድዋ። አንድ ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ፣ ከዚያ ጥበቃ ቤት በር ላይ እንደ ተበደለ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል? ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች። «ባለሙያው ሙንዲር» ብላ ጀመረች፤ ግማሽ ገጽ ያህል ሳትቆም ሄደች። እጇ ፈጣን ነበር፤ የተናደደ ሰው ጽሑፍ አይቸገርም።

የጎደላት ላብራቶሪው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደተቋረጠ የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው። ለዚያ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።

የላብራቶሪው ኃላፊ ወለተማርያም ይባላሉ፤ የሚሆነውን ሁሉ መዝገብ ላይ የሚጽፉ ጥንቁቅ ሴት ናቸው። መዝገባቸው ወፍራም ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «በስመ አብ» ብለው ነው የጀመሩት። ቤዛዊት የዛሬውን ሰዓት እንዲያሳዩዋት ጠየቀች፤ እሳቸው ስልክ ሲያነሱ መዝገቡን ራሷ እንድታይ ገፉላት። የዛሬውን ገለበጠች። ከላዩ ያለውን አየች። ከዚያ በፊት ያለውንም።

«መብራት ሄደ 4፡10፣ ጄኔሬተር ተነሳ 4፡16። ኔትወርክ የለም። አቶ ዓምሃ ተጠሩ። 4፡50 መጣ።» ቀጥሎ ሌላ ወር፣ ሌላ ቀን፣ ሰዓቱ ብቻ ተቀይሮ ያው ነገር። መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ኔትወርክ የለም፣ አቶ ዓምሃ ተጠሩ። ገጽ በገጽ። ወለተማርያም ስልኩን ዘግተው ዓይኗን የተከለችበትን አዩና ተነፈሱ።

«የኛ ዕጣ ነው» አሏት። «መብራት በሄደ ቁጥር ኔትወርካችንም አብሮ ይሄዳል። አቶ ዓምሃ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር።»

ይህ ለቤዛዊት አዲስ ነገር አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጋሽ ዓምሃ ጋር የተሯሯጠችበት ጉዳይ ነው። የላብራቶሪው ሽቦ አሮጌ ነው፣ መብራት ሲዋዥቅ ይነካዋል ይሏት ነበር፤ እሷም ለሰው ሁሉ እንደዚያው ታስረዳ ነበር። አሁን ግን ገጾቹን እየገለበጠች ሳለ አንድ ነገር ጎረበጣት። የኛ ዕጣ ነው ያሉት ሴትዮ የሌላውን ዕጣ ያውቃሉ?

ወደ ፋርማሲ ወረደች። ቡርቱካን የምትባለዋን ፋርማሲስት፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሲስተማችሁ እንዴት ነው ብላ ጠየቀቻት። ቡርቱካን ጥያቄው አልገባትም። ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ሲስተሙ ይከፈታል፣ ሥራ ይቀጥላል፤ ሌላ ምን ይሆናል? ካርድ ክፍል ሄዳ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ራሷ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጣ የለ? መብራት ስንት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፤ አንድም ቀን አቶ ዓምሃ ይጠሩ ሲባል አልሰማችም። ከላብራቶሪው በቀር የማንም መንገድ ጠፍቶ አያውቅም።

ደረጃው ላይ ቆመች። ሰዎች እየገፏት ያልፋሉ።

ስዊች የነገሩትን ይሠራል፤ ግን መጨረሻ ላይ ሴቭ ካላሉት የነገሩት ነገር የሚኖረው መብራት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሴቭ የተደረገውን ብቻ አስታውሶ ይነሳል። አንድ ቃል ጽፎ ኢንተር መምታት ነው፤ ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። ይህን ለቤዛዊት በመጀመሪያው ሳምንት ያስተማሯት ጋሽ ዓምሃ ናቸው። ሴቭ ያላደረግሽውን ሥራ ሠራሁ እንዳትዪ ብለዋታል፤ ደብተሯ ላይ ሁሉ ጽፋዋለች። እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ሰው ለዓመታት አንዷን ቁጥር ብቻ ሊረሳ አይችልም። እንግዲህ አሮጌው ስዊች ላይ ማንም ምንም አላጠፋም። ሙንዲር እሁድ ሲነቅለው ለስዊቹ መብራት ሄደ ማለት ነው፤ እሷ ዛሬ ስትሰካው መብራት መጣ፤ እሱም እንደ ሁልጊዜው አርባን ሳያውቅ ተነሳ። ፍላሹ ላይ የተሰጠው ፋይልም ያው ሴቭ የተደረገው ነው። ልጁ እውነቱን ነው፤ የሌለ ነገር አይቆረጥም።

ከዚያ የመጣባት ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ባሰ። መብራት በመጣ ቁጥር ጋሽ ዓምሃ እሷን ወደ ላብራቶሪ ይልኳትና እሳቸው ሰርቨር ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ። በስልክ፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ገመድ ነቅለሽ መልሺው ይሏታል። እሷ በጉልበቷ አቧራ ውስጥ ትገባለች፣ ትነቅላለች፣ ትመልሳለች። አሁንስ? ይሏታል። ገና ነው። እስቲ ደግመሽ። ደግማ ትነቅላለች። መጣ! ስትወርድ ትከሻዋን መታ አድርገው፣ እጅሽ የተባረከ ነው ይሏት ነበር። እሷም ደስ ይላት ነበር፤ ቤት ሄዳ ለእናቷ ሳይቀር አውርታለች። ለካ እሷ ገመድ ስትነቅል እሳቸው ሁለት መስመር ይጽፉ ነበር። አፈረች። ከንዴቱ በፊት የመጣባት ሐፍረት ነው፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

ጋሽ ዓምሃን ያገኘቻቸው ሰርቨር ክፍል፣ አሮጌዎቹን ስዊቾች ለዕቃ ግምጃ ቤት ሲያሽጉ ነው። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሽ ዓምሃ፣ አርባን ለምን ሴቭ አላደረጉትም?»

ወዲያው ቢቆጧት፣ ቢስቁባት፣ ምን ማለትሽ ነው ቢሏት ምናልባት ትጠራጠር ነበር። እሳቸው ግን የያዙትን ፕላስተር አስቀመጡ። ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሁሉንም ነገሯት፤ ለብዙ ጊዜ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ይመስል።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ የአይቲ ሥራውን ለውጭ ድርጅት ሰጥቶ እሳቸውን ሊያሰናብት ደብዳቤ ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር። ላብራቶሪው አዲስ የተከፈተበት ሳምንት ነው፤ አርባን ጽፈው፣ ደብዳቤውን በሰሙበት ቀን ልባቸው ተሰብሮ ሴቭ ሳያደርጉ ወጡ። ፈቃድ ወስደው እንጦጦ ጠበል ገቡ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ላብራቶሪው ሞተ። የውጭው ድርጅት ሰዎች ሁለት ቀን ቢፈልጉ አጡት። በሦስተኛው ቀን የሆስፒታሉ መኪና ጠበሉ ድረስ ሄዶ አመጣቸው፤ በአምስት ደቂቃ መለሱት። ደብዳቤው ተቀደደ።

«የመጀመሪያውን ቀን ረስቼ ነው» አሉ። «ከዚያ በኋላ ግን አልረሳሁም።»

አዲሶቹ ስዊቾች ሲመጡ ምን ሊያደርጉ አስበው እንደነበር ጠየቀቻቸው። እንደ ሁልጊዜው ይጠሩኛል ብዬ ነበር አሏት፤ ልጁ ጠፍቶበት ሲንከራተት እኔ ገብቼ አስነሳዋለሁ ብዬ ነበር። በሩብ ሰዓት ያገኘዋል ብለው አላሰቡም። ሲያገኘው ደነገጡ፤ ሲደነግጡ ያንን ሁሉ ተናገሩ። ከተናገሩ በኋላ መመለሻ አጡ።

«ምክንያቱ አልታወቀም ብለሽ ጻፊው» አሏት። «ውሸት አይደለም፤ ማንንም አይጎዳም። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ወጥቼ ማን ይወስደኛል? እሱ ልጅ ነው፣ ሌላ ያገኛል።» ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺስ በምን የተቀጠርሽ ይመስልሻል? ላብራቶሪው በየወሩ እየሞተ ብቻዬን አልችልም ብዬ አይደል ያስፈቀድኩት?»

ይህኛው አጥንቷ ድረስ ገባ። የሦስት ዓመት ደመወዟ፣ የእናቷ መድኃኒት፣ ሽሮ ሜዳ የተከራዩት ቤት፣ ሁሉ ከዚያች ሴቭ ካልተደረገች ቁጥር የወጣ ነው። ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን የተቀመጡት እኚሁ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያታለሏትም እኚሁ። የትኛውን ትያዝ? ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ «ባለሙያው ሙንዲር» የሚለውን ወረቀት ቀደደች። አዲስ ወረቀት ላይ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ ጻፈችና አየችው። አቶ ስብሐት ሲያነቡት ታያት። አሥራ አራት ዓመት የሠራ ሰው እገሌ ነው ብሏል፤ መርማሪዋ አላወቅሁም አለች፤ ታዲያ ማንን ይይዛሉ? ደብዳቤው ይሄዳል። ማንንም አይጎዳም የተባለው ወረቀት በር ላይ የተቀመጠውን ልጅ ይዞት ይሄዳል። በመስኮት አየችው። ሰግዶ መጥቶ ጫማውን እያሰረ ነው፤ የሰገደበትን ካርቶን አጥፎ ለሌሊሳ እየመለሰ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ዝምታውን እንደ ጥፋት ቆጥራበታለች። ይህን ስታስብ ራሷን ጠላችው።

ሦስተኛውን ወረቀት ጻፈች። ከመዝገቡ ቀኖቹን ገለበጠች፤ የፋርማሲውን፣ የካርድ ክፍሉን፣ የአሮጌውን ስዊች ነገር ጻፈች፤ ጋሽ ዓምሃ ያሏትን ጻፈች። ስማቸውንም ሳትዘል ጻፈችው። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን አቶ ስብሐት ቢሮ ገባች።

ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። ያደንቁኛል ብላ የጠበቀች እንደሆነ ተሳስታለች፤ እውነት ለመናገር ትንሽ ጠብቃ ነበር።

«ሦስት ዓመት አብረሽው ሠርተሻል» አሏት። «እንዴት አላወቅሽም?»

«አምናቸው ስለነበር ነው።»

«እንግዲህ ወይ ታውቂ ነበር፣ ወይ ሥራሽን አታውቂም። የቱ ነው?»

ገመድ ስነቅል ነበር ትበላቸው? አቶ ስብሐት መልስ አልጠበቁም። ስልክ አንስተው ሌሊሳን የልጁን ቦርሳ ይቅርታ ጠይቀህ ስጠው አሉት። ደብዳቤው ቀረ። ጋሽ ዓምሃ ጉዳያቸው እስኪወሰን ከነገ ጀምሮ ቤታቸው እንዲቆዩ ጸሐፊዋ ወረቀት ታዘጋጅላቸው ተባለ። ከዚያ ሙንዲር ተጠራ። አቶ ስብሐት እጁን ይዘው ይቅርታ ጠየቁት፤ ቀጥለውም፣ ሳትሄድ እነዚህ ሁለቱ በነኩት ነገር ሁሉ ውስጥ ሌላ የተደበቀ ካለ አይተህ ንገረኝ አሉት። «እነዚህ ሁለቱ» ሲሉ ቤዛዊት እዚያው ቆማለች።

ሰርቨር ክፍል አብረው ወረዱ። ጋሽ ዓምሃ ሄደዋል፤ ፕላስተሩ ካርቶኑ ላይ እንዳለ ነው። ቤዛዊት ይቅርታ ጠየቀችው፤ ጠዋት ያሰበችበትን፣ ግማሽ ገጽ የጻፈችበትን ሳይቀር ነገረችው። ምንም አይደለም አላት። ላፕቶፑን ከፍቶ የይለፍ ቃሏን ጠየቃት፤ ሰጠችው። የካሜራዎቹንም፣ የዋይፋዩንም።

«ሌላ አለ?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት። ድምፁ ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ጥያቄ ነው።

እርግጠኛ መሆኗን ነገረችው። ሙንዲር ራሱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርጎ የላፕቶፑን ስክሪን እሷ እንዳታየው ወደ ራሱ አዞረው። ቤዛዊት አልተቀየመችውም፤ በምን አፏ። ግን አመማት፤ ልክ የት ቦታ እንዳመማት ማሳየት እስክትችል ድረስ አመማት። ስክሪኑን ከእሷ መደበቅ ሳያስፈልገው እንዲሠራ ብላ፣ ወደ በሩ ሄዳ ቆመች።